ጋሽ በላቸውና ሰይፍ የሌለው መስቀል

ጋሽ በላቸው ማረፋቸውን የነገሩን አቶ መኩሪያ ናቸው። ጋሽ በላቸው ይህን ቢሰሙ በሳቅ ይሞቱ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። እናቴ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳ ጮኸ፤ በማኅበራችን ግሩፕ ላይ የድምፅ መልእክት። ሊቀ መንበራችን አቶ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና እንደ ዜና አንባቢ ድምፃቸውን አወፍረው፣ «ታላቅ ወንድማችን፣ የማኅበራችን ምሰሶ የነበሩት አቶ በላቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ለቅሶው በሲልቨር ስፕሪንጉ አዳራሻችን ነው። ማንም እንዳይቀር!» አሉ።

እናቴ በሩን ተደግፋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ግን እያለቀስኩ ያቺን «ማንም እንዳይቀር» የምትለዋን ቦታ እየመለስኩ ሰማኋት። ምክንያቱም ከዚህ በፊት በዚያው ወፍራም ድምፅ፣ ስለዚያው ቤት ለቅሶ፣ «ባትሄዱ ይሻላል» ያሉን እኚሁ ሰውዬ ናቸው።

እዚያ እንደርሳለን። አልቸኩልም። አለመቸኮልን ያስተማሩኝ ራሳቸው ጋሽ በላቸው ናቸው።

አብዛኞቻችሁ የማኅበራችን አባላት ታውቋቸዋላችሁ። ማለቴ፣ የምታውቋቸው ይመስላችኋል። አሌክሳንድሪያ፣ እኛ ሕንፃ ውስጥ፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ነበር የሚኖሩት። አሜሪካ መጥተው ታክሲ ነድተው ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ግራጫ ኮት የማይለያቸው ሰው። ኮቱ ላይ ምንም ነገር የለም፤ ፒን የለም፣ ባንዲራ የለም። ግን ወሬ ሲጀምሩ በግራ በኩል ደረታቸው ላይ አቧራ ያለ ይመስል በመዳፋቸው እርግፍ እርግፍ ያደርጉታል። «ባዶ ነው» ይላሉ። «ንጹሕ ነው።»

ሌላ ሰው የልጅ ልጆቹን ፎቶ እንደሚያሳይ፣ እሳቸው ቂማቸውን ነበር የሚያሳዩት። በደስታ! አንድ ጊዜ የሕንፃችን ጥበቃ ከእነ ዘንቢላቸው አይቷቸው «ዴሊቨሪ በጓሮ በር ነው» አላቸው፤ በገዛ ቤታቸው። ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው በፊት ለፊቱ በር ገቡ። ከዚያ በኋላ ግን በየገናው ለሌሎቹ ጥበቃዎች ትልልቅ የድፎ ዳቦ ቁራሽ እያከፋፈሉ፣ ለእሱ በናፕኪን በሥርዓት የተጠቀለለ ፍርፋሪ ይሰጡት ነበር። ፈገግ ብለው። «ሜሪ ክሪስማስ» ብለው። ሰውየው እስኪለቅ ድረስ አንድም ገና አላለፉትም።

«ጋሼ፣ ይርሱት እንጂ» ስላቸው፣

«ረስቼ ምን ልሥራ?» ይሉኛል።

አሁን ወደ ሜዳልያዎቹ ልምጣ፤ ያማችኋቸው በእነሱ ስለሆነ።

ጋሽ በላቸው የጀርመን ጦር ሜዳልያ ይሰበስቡ ነበር። አዎ። መስቀል፣ የቁስለኛ ምልክት፣ የቀበቶ ቁልፍ፣ የተቀጠቀጠ የወታደር ኮዳ። መኝታ ቤታቸው ያለው ክሎዜት ውስጥ ልብስ የለም፤ መስታወት የተገጠመላቸው ትሪዎች ናቸው። ስዋስቲካ ያለበት ሁሉ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። ክሎዜቱን በቁልፍ ይቆልፉታል። ስሙንም «እስር ቤት» ብለውታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሲከፍቱት «የጥየቃ ሰዓት ደረሰ» ይላሉ።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ፎልስ ቸርች ከተማ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ግቢዋ ውስጥ ዕቃዋን አውጥታ ስትሸጥ፣ ከዋፍል መጋገሪያና ከአሮጌ ጫማ አጠገብ የብስኩት ቆርቆሮ ያያሉ። ውስጡ ሜዳልያ። «ምንድን ነው?» ይሏታል። «አባቴ ወታደር ሆኖ ጀርመን ሳለ፣ ከምርኮኞቹ ደረት ላይ እየነቀለ ያመጣቸው ናቸው» ትላቸዋለች።

«ከደረት ላይ እየነቀለ!» ይሉኝ ነበር ጋሽ በላቸው ይህን ሲነግሩኝ፤ ያኔም አዲስ ወሬ እንደሰማ ሰው ዓይናቸው ይፈጥጣል። «እኔ ሜዳልያ ከደረት ላይ ሊነቀል የሚችል ነገር መሆኑን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። እንደ ቆዳ የሚበቅል ነበር የሚመስለኝ።»

ለምን እንደዚያ እንደመሰላቸው የነገሩኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድማቸው ታስሮ ስንቅ የሚያመላልሱት እሳቸው ነበሩ። አንድ ጠዋት በር ላይ የቆመው መኮንን ሳህኑን ሳይከፍት መለሰላቸው። «ከእንግዲህ አታምጣ» አላቸው፤ በቃ። ጋሽ በላቸው ፊቱን አያስታውሱትም። ቀና ብለው አላዩትማ። ያዩት ደረቱን ነው፤ ደረቱ ላይ ፀሐይ የሚያብለጨልጨው ሜዳልያ ነበር።

«የዚያን ሰውዬ ሜዳልያ ማግኘት አልቻልኩም» አሉኝ። «የተሸነፉት ግን እዚህ አገር በየጓሮው ይሸጣሉ። ሲሸለሙ ደረታቸውን ነፍተው ነበር። አሁን እኔ ክሎዜት ውስጥ ናቸው፤ ስንቅም የሚያመጣላቸው የለም።»

እንግዲህ ናዚ ያላችኋቸው ሰውዬ ይኸው ናቸው።

እኔ እስር ቤቱ ውስጥ ሥራ ነበረኝ። ስኳር ዓይናቸውን አድክሞት ደቃቅ ጽሑፍ ስለማያዩ ለእያንዳንዱ ዕቃ ካርድ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ፊደል ያስቆጠረችኝ እናቴ ናት፤ መጻፍ ያስለመዱኝ ግን እሳቸው ናቸው። ካርዱ ሦስት መስመር ብቻ ነው። ምንድን ነው? ለማን ይሰጣል? እውነተኛ ነው ወይስ ፎርጅድ? ከዚያ ያለፈ አንዲት ቃል ብጨምር «ጸሐፊዬ፣ ካርድ ነው እንጂ ሰርግ አይደለም፤ ሁሉን አትጥሪ» ይሉኛል። ጸሐፊዬ! ማንም ሰው እንደዚያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ፎርጅዱን የምንለይበት ደግሞ ደስ ሲል! መጀመሪያ ከፒዛ ቤት የመጣ የፍሪጅ ማግኔት ያስጠጉበታል፤ ብረት መሆን ያለበት ካልተሳበ አለቀለት። ቀጥሎ ባኞ ቤት ገብተን መብራት እናጠፋና ሐምራዊ ጨረር ያላት ትንሽ ባትሪ ሪባኑ ላይ እናበራለን። የድሮ ጥጥ ከሆነ ዝም ይላል። የዛሬ ክር ከሆነ እንደ ጭፈራ ቤት ቦግ ይላል። ቦግ ያለ ቀን ጋሽ በላቸው በጨለማው ውስጥ «ውሸታም! ወጣብህ!» እያሉ ሲስቁ ሻወሩ ሁሉ ያስተጋባል።

አሁን አቶ መኩሪያ።

አቶ መኩሪያን «አንቱ» የምላቸው እናቴ በሥርዓት ስላሳደገችኝ ነው። ቤት ሻጭ ናቸው፤ ፊታቸው ያለበት ካላንደር በሁላችሁም ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል። ማኅበራችንን እኔ ሳልወለድ ጀምረው ይመራሉ። አንድ ዓመት በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ጋሽ በላቸው እጃቸውን አውጥተው ደረታቸውን አራገፉና «ምርጫው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀ። አቶ መኩሪያም ሳቁ። ግን በጥርስ ብቻ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጋሽ በላቸው አልነበሩም፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አቶ መኩሪያ ማይክሮፎኑን ጨበጡ። «በመካከላችን ቤቱን በናዚ ዕቃ የሞላ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ አሌክሳንድሪያ ነው። ልጆቻችሁን ወዴት እንደምትልኩ እወቁ» አሉ። ስሙን አልጠራም! በወጣን ሰዓት ፓርኪንጉ ውስጥ ሁሉም ስሙን ይጠራ ነበር።

እትዬ ዘነበች በዚያው ሳምንት አረፉ።

እትዬ ዘነበች ከማን ለቅሶ ቀርተው ያውቃሉ? እስቲ አንዳችሁ ንገሩኝ። ከሥራ ወጥተው በአውቶቡስ፣ በበረዶ፣ ትልቅ ድስት ጭናቸው ላይ አድርገው የመጡላችሁ ሴትዮ ናቸው። ለእሳቸው ለቅሶ ጋሽ በላቸው ከሕንፃችን ምድር ቤት ያለውን ኮሚዩኒቲ ሩም ተከራዩ፤ ከቤተ ክርስቲያን ተጣጣፊ ወንበር ተዋሱ። እናቴም ከሌሊት ጀምራ ወጥ ሠርታ፣ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ ስትነሳ አቶ መኩሪያ ኮል አደረጉ።

«እህቴ፣ ለራስሽ ብዬ ነው። ወረቀትሽ ገና ኢሚግሬሽን ነው ያለው። ስምሽ ከእንዲህ ዓይነት ቤት ጋር ባይነሳ፣ ባትሄዱ ይሻላል።»

እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ድስቱን ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው። ለእናንተም እንደተደወለ በኋላ ሰማሁ። ወረቀት ላለው በልጁ፣ ልጅ ለሌለው በሥራው፤ ለእያንዳንዱ የሚፈራው ነገር ተመርጦለታል።

እኔ ልብስ ላጥብ ብዬ ወጣሁ። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ከኮሚዩኒቲ ሩሙ ጎን ነው። የቆሻሻ ልብስ ቅርጫቴን እንደያዝኩ ለቅሶው ወዳለበት ገባሁ። ካህኑ፣ ሁለት የድሮ ባለታክሲዎች፣ ጋሽ በላቸው። ሌላው ሁሉ ወንበር ነው፤ በረድፍ የተደረደረ ባዶ ወንበር። ቅርጫቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጋሽ በላቸው አላለቀሱም። በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብድግ ይላሉ፤ ሰው ሲመጣ ለመቀበል። በሩን የሚያንቀሳቅሰው ግን የማጠቢያው ማሽን ነበር፤ ሲሽከረከር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል።

ሲያበቃ ወንበሮቹን አብረን አጣጠፍን። የመጨረሻውን ሲያጥፉ ቆም አሉና ደረታቸውን አራገፉ።

«ይህን ያደረገ ሰው» አሉ፣ «እኔ የሞትኩ ቀን ሰው ሁሉ ባለበት ያለቅስልኛል። ባሏ እንደሞተባት ሴት ያለቅስልኛል። ታያለሽ።»

የሐዘን ወሬ መስሎኝ ነበር። ለካ ዕቅድ ነው!

ቆየት ብሎ እናቴ ወደ ጋሽ በላቸው ቤት ስሄድ ትለቀኝ ጀመር፤ «ወዴት ነሽ?» ብላ መጠየቅ ተወች። አንድ እሑድ ጋሽ በላቸው ሴቨን ኮርነርስ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ የሰብሳቢዎች ገበያ አለ ብለው ወሰዱኝ። ሁልጊዜ በየጠረጴዛው ይቆማሉ፤ ያን ቀን ግን የጀግና የጀግናውን ሜዳልያ እያለፉ ጥግ ያለ አንድ ሻጭ ጋ ሄዱ። የተዝረከረከ ሣጥን ውስጥ ሲፈልጉ ቆዩና ትንሽ መስቀል አነሱ። ጥቁር ብረት። መሐሉ ላይ በቅጠል የተከበበ ቁጥር፦ 1914 1918። ማግኔቷን አስጠጉ፤ ጥብቅ። ሪባኑን ኮታቸው ሥር አድርገው አበሩበት፤ ዝም።

መኪና ውስጥ ካርድና እስክሪብቶ ሰጡኝ።

«ጻፊ። ጥቁር የብረት መስቀል፣ ሰይፍ የሌለው።»

«ለምን ሰይፍ የለውም?»

«ሰይፍ ያለበት ለተዋጋ ነው። ይሄ ላልተዋጋ ነው።»

«እሺ፣ ለማን ይሰጣል?»

«ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመኖች ባሏ ለሞተባት ሴት የሰጡት ነው። ልጃቸው ለሞተባቸው ወላጆችም።»

ጻፍኩ። እውነተኛ ብዬም ጨረስኩ። ጋሽ በላቸው ሞተሩን ሳያስነሱ መስቀሏን መዳፋቸው ላይ አገላበጧት፤ ልጅ እንደሚያባብል ሰው።

«ይቺ አትታሰርም» አሉ። «ይቺን ሥራ አስገባታለሁ።»

በዐቢይ ጾም ካህኑ እርቅ ይውረድ ብለው ሁለቱን አስማሙና አቶ መኩሪያ ጋሽ በላቸው ቤት መጡ። እኔ ቆሎና ለስላሳ አቀርባለሁ። ጓዳ ስንገናኝ «እንዴት ይታረቃሉ?» ብዬ አንሾካሾክሁባቸው።

«ማን ታረቀ?» አሉኝና ሳህኑን ተቀብለውኝ ሄዱ።

አቶ መኩሪያ ሶፋው ላይ ተመቻችተው፣ «ያኔ የተናገርኩት ለማኅበሩ ብዬ ነው እንጂ በክፋት አይደለም» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«አንተም ዕቃውን የምትሰበስበው በክፋት እንዳልሆነ አሁን ገብቶኛል።»

«እሱን እንኳ ተወው። በክፋት ነው።»

ካህኑን ሳል ያዛቸው። ጋሽ በላቸው ግን ቀስ ብለው ከኮታቸው ኪስ ትንሽ ሣጥን አወጡ። «ከሌሎቹ ለይቼ ያስቀመጥኳት ናት። ብዙ ሐዘን ላየ ቤተሰብ የሚሰጥ ነው። ካንተ የተሻለ የሚገባው ሰው አላገኘሁም።»

ሣጥኑ ሲከፈት ትሪው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ሰይፍ የሌለው መስቀል!

አቶ መኩሪያ መነጽራቸውን አደረጉና ቁጥሩን አነበቡ። አሁን እዚህ ላይ ልብ በሉ። አሜሪካዊ 1914 1918 የሚል ብረት ሲያይ የፈረንጆቹ ጦርነት ነው የሚታየው። እዚህ ስሕተት ውስጥ ሊገባ የሚችለው የእኛ ሰው ብቻ ነው። አቶ መኩሪያ በእኛ አቆጣጠር አነበቡት። ዓይናቸው በራ።

«እንዴ! ይሄማ በንግሥቲቱ ዘመን ነው!» አሉ። «ጀርመን አይደለም ማለት ነው! የኛው ነው?»

«ታሪክ የምታውቀው አንተ ነህ» አሉ ጋሽ በላቸው። «እኔ ባለታክሲ ነኝ።»

«አዎ፣ አዎ፣ በንግሥቲቱ ዘመን። ቅጠሉን እየው! ወይራ ነው።»

«አንተ ካልክ።»

ሲወጡ አቶ መኩሪያ ጋሽ በላቸውን አቅፈው ሳሟቸው። በሩ እንደተዘጋ፣ «ዋሹ እኮ ጋሼ!» አልኳቸው።

«የቱን? አንዷን ውሸት ጥቀሽልኝ።»

አሰብኩ። እስከ ዛሬም እያሰብኩ ነው። አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከእኔ ጋር አይታችሁታል። በዘመን መለወጫ ዝግጅት መስቀሏ አቶ መኩሪያ ደረት ላይ ወጣች፤ «አያቴም እንዲህ ዓይነት ነበራቸው» አሉ። ለተመራቂ ተማሪዎች እራት ስንገናኝ «የአያቴ ናት» ሆነች። የአዳራሹ ጣሪያ እንዲታደስ ገንዘብ ሲሰበሰብ ደግሞ ንግሥቲቱ በገዛ እጃቸው አያትየው ደረት ላይ ሰክተውላቸው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «አንተ ልጄ ነህ» ብለዋቸው ነበር። አጨበጨባችሁ። እኔም አጨበጨብኩ! መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ከዚያ ጭማቂ ይዤ ተጠጋኋቸውና በጣም በጨዋ ድምፅ ጠየቅኋቸው።

«አቶ መኩሪያ፣ ሰይፍ ያለባቸውም አሉ ሲባል ሰምቼ ነበር። የአያትዎ ለምን ሰይፍ የለበትም?»

ጸጉሬን ዳሰሱኝ። «አያቴ በባዶ እጃቸው ስለተዋጉ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ሮጬ ሄጄ ስነግራቸው ጋሽ በላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ወሬ ባመጣሁ ቁጥር «በባዶ እጃቸው የሚለውን ድገሚው እስቲ» ይሉኝ ነበር። ልባቸው ደክሞ ነበር ያኔ፤ ደረጃ አይወጡም። ግን እምላለሁ፣ በሕይወት ያቆያቸው ያ ሳቅ ነው።

«አሁን እንንገራቸው!» አልኳቸው አንድ ቀን። «በማይክሮፎን!»

«አሁን ከነገርነው ያወልቀዋል» አሉ። «እኔ የምፈልገው ለቅሶዬ ላይ እንዲያደርገው ነው። እስከዚያ ዝም በይ። ከዚያ በኋላ ግን አደራሽን፣ ዝም እንዳትዪ።»

«ይቅር አይሏቸውም?»

ደረታቸውን ሊያራግፉ እጃቸውን አነሱ፤ አልደረሰም፤ ብርድ ልብሱ ላይ አረፈ። «እኔን ብቻ ቢሆን ኖሮ» አሉ፣ «ፍርፋሪ በናፕኪን ይበቃው ነበር። ዘነበችን ነው ብቻዋን ያስቀረብኝ።»

እና ለቅሶው ደረሰ። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ የቤልትዌይ አውራ ጎዳናው በመኪና ተዘግቶ እንደምንም ደረስን። ሁላችሁም ነበራችሁ። ወንበር ጠፍቶ ወጣቶቹ በግድግዳው ዙሪያ ቆማችኋል። ፊት ለፊት የጋሽ በላቸው ፎቶ፤ ግራጫ ኮት፣ ባዶ ደረት። አቶ መኩሪያ ጥቁር ሱፍ ለብሰው መስቀሏን ሰክተው ወጡ። ሪባኗ ሳትቀር ተተኩሳለች! «ወንድሜ! ለማን ትተኸኝ ሄድክ?» ብለው ጀመሩ። በመሐረብ ዓይናቸውን ይዘው ወደ ፎቶው ጎንበስ አሉ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

ባሏ እንደሞተባት ሴት። የጀርመን መንግሥት ምስክር ነው።

ከንፈሬን ስለነከስኩ ሐዘን የመሰላቸው ሴትዮ አቀፉኝ። በእቅፋቸው ውስጥ ሆኜ ሳቅሁም፣ አለቀስኩም፤ የትኛው የቱ እንደሆነ እኔም አላውቅ። ሳቁ ለጋሽ በላቸው ነበር። ለቅሶው ለእትዬ ዘነበች ይመስለኛል፤ ያን ሁሉ የሞላ ወንበር ሳየው ነው የመጣብኝ።

ስንወጣ አቶ መኩሪያ ጠሩኝ። ለማኅበሩ መጽሔት ስለ ሟቹ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋሉ። «አማርኛ ጎበዝ ነሽ ሲሉ ሰማሁ። ‹የማልረሳው ሰው› በሚል ጻፊልን። ቀጥታ ለማተሚያ ቤቱ ላኪው፤ የልጆችን ሥራ አላርምም፤ አምንሻለሁ። የሽፋኑን ፎቶ እኔ መርጫለሁ፤ ከፎቶው ሥር የምትገባዋንም ጽሑፍ አንቺው ጻፊያት።»

«በደስታ» አልኳቸው። ጋሽ በላቸው እንዳስተማሩኝ፣ አንዲት ውሸት የለባትም።

ረቂቁን ለእናቴ አነበብኩላት። ሶፋው ላይ ሆና እግሯን እያሸች ሰማችኝ። መሐል ላይ «ቤዛ፣ ነውር ነው፤ ትልቅ ሰው ነው» አለች። ማንበቤን ቀጠልኩ። ስለ ድስቱ ሳልጽፍ ነበር ያለፍኩት፤ እንድታፍር አልፈለግሁም። ስጨርስ እግሯን ማሸቷን ተወች።

«ድስቱንም ጻፊው» አለች። «እንዳትተዪው። እኔንም ጻፊኝ።»

ጽፌዋለሁ፤ አንብባችሁታል።

አሁን መጽሔቱን ዝጉና ሽፋኑን እዩ። አቶ መኩሪያ ራሳቸው የመረጡት ፎቶ ነው፤ ከጋሽ በላቸው ምስል አጠገብ፣ በመሐረብ፣ ከነመስቀላቸው። ከበስተጀርባ እናንተ ተቀምጣችኋል። ከሥሩ ያለችው ጽሑፍ የእኔ ናት። ካርድ ናት እንጂ ሰርግ ስላልሆነች ሁሉን አልጠራሁም።

ምንድን ነው፦ ጥቁር የብረት መስቀል፣ ሰይፍ የሌለው።

ለማን ይሰጣል፦ ባሏ ለሞተባት ሴት።

መስቀሉ እውነተኛ ነው።